የማማ ፔፔ ከንፈር

ፔርፔቱ ከተወለደች ጀምሮ ዝም ብላ የዋለችው አንድ ቀን ብቻ ነው ይባላል፤ መንጋጋዋ አብጦ አፏ አልከፈት ያለ ቀን። እሱንም ቀን ቢሆን በእጇ ስታወራ ነው የዋለችው። ባኮንጎ ሰፈር ማማ ፔፔ ሲባል የማያውቃት የለም፤ የማያውቃት ካለም ብራዛቪል የገባው ትናንት ነው።

ጠዋት ጠዋት የማንጎው ዛፍ ካለበት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በር ላይ ድስቷን ትጥዳለች። ሊጡን በጣቶቿ ቆንጠር አድርጋ የጋለ ዘይት ውስጥ ጠብ ስታደርገው ሚካቴው ድቡልቡል ብሎ ይነሳል፣ ልጆቹ ከእጅ እጅ እያገላበጡ፣ እፍ እፍ እያሉ ወደ ክፍል ይሮጣሉ። እስከዚህ ድረስ እንደ ማንኛዋም ሚካቴ ጠባሽ ናት። ማማ ፔፔን ማማ ፔፔ ያደረጋት ከሰዓት በኋላው ነው።

የመውጫው ደወል ተደውሎ አስተማሪዎቹ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ውልቅ ሲሉ እሷ ትገባለች። ጫማዋን ማንጎው ሥር ታወልቃለች፣ ሽርጧን ከጉልበቷ ከፍ አድርጋ ታስራለች፣ ሁለት ጣቷን አፏ ውስጥ ከታ ታፏጫለች። ያኔ ከየግድግዳው ጥግ ሴት ልጅ ይፈላል። ንዛንጎ ሊጫወቱ ነው።

ንዛንጎ ለማያውቀው ሰው ቀላል ነው፤ የሚከብደው ለሚያውቀው ነው። ሁለት ቡድን ፊት ለፊት ይሰለፋል። ከየወገኑ አንድ አንድ ትወጣና እየዘለሉ፣ እያጨበጨቡ ይተያያሉ፤ ከኋላ ያሉት ይዘፍናሉ። በመጨረሻው ጭብጨባ ሁለቱም አንድ እግራቸውን ወደ ፊት ይወረውራሉ። እግሮቹ ፊት ለፊት ከገጠሙ፣ የአንዷ ግራ ከሌላዋ ቀኝ ማለት ነው፣ ነጥቡ ለአንደኛው ቡድን፣ ከተጣረሱ፣ ግራ ከግራ ወይም ቀኝ ከቀኝ፣ ለሌላኛው ነው፤ ከእረፍት በኋላ ይቀያየራሉ። በቃ፣ ይኸው ነው። እንግዲህ ያቺ ፊት ለፊትሽ ያለችው የትኛውን እግሯን እንደምታወጣ ቀድመሽ ካወቅሽ ጨዋታው አለቀ። ካላወቅሽ ደግሞ እግዜር ይሁንሽ።

ነገሩ እንዴት እንደተጀመረ ሰፈሩ ሁሉ ያወራዋል። የልጆቹ እናቶች ገበያ ናቸው፣ ቶሎ አይመለሱም። ከትምህርት የተለቀቀ ልጅ የት ይሂድ? መንገድ ዳር አጥር ላይ ተደርድሮ ይቀመጣል፣ ሲሰለቸው መኪና መሃል ይራወጣል። አንድ ቀን አንዷን ሚጢጢ ሞተር ሳይክል ገፍቷት ሁለት ጥርሷን ይዞባት ሄደ። ማማ ፔፔ ደሟን በሽርጧ ጠራርጋ በቀጥታ ዳይሬክተሩ ሙሴ ኢቱዋ ቢሮ ገባች። ሙሴ ኢቱዋ ደግሞ መወሰን የማይሆንለት ሰው ነው፤ ሻይ በስኳር ነው ያለ ስኳር ብለው ቢጠይቁት እንኳን «እናያለን» ይላል። ግቢውን ከሰዓት በኋላ ይስጡኝ፣ ልጆቹን እኔ አጫውታቸዋለሁ አለችው። ማመልከቻ ጻፊ አላት።

«መጻፍ ብችል በርዎ ላይ ሚካቴ እጠብስ ነበር?»

እናያለን አለ። እሷም ይቺን «እሺ» ብላ ተረጎመቻት።

ከዚያ ወዲህ አጥር ላይ የሚቀመጥ ልጅ ጠፋ። ሁለት እርምጃ ሮጣ ታለከልክ የነበረችው እንደ ፌንጣ መዝለል ጀመረች። ክፍል ውስጥ ስሟን ሲጠሩ ዴስክ ሥር የምትገባው ልጅ እዚህ ዘፈን አውጪ ሆና አንገቷ ሥሩ እስኪገታተር ትጮሃለች። ለራሷ ለማማ ፔፔም ቢሆን ያቺ ሰዓት ትልቅ ነገር ነበረች። ልጆቿ ወንዙን ተሻግረው ኪንሻሳ ከከተሙ ቆይተዋል፤ ቤቷ ስትገባ «ደህና ዋልሽ» የሚላት ሬዲዮኑ ነው፣ እሱም ባትሪ ሲኖረው። እንዲህ ያለች ወሬኛ ሴት ከሬዲዮ ጋር ስትቀር ምን እንደምትሆን አስቡት። ሬዲዮን ማቋረጥ እንጂ አብረውት ማማት አይቻልም።

ዓምና ነው ጉዱ የመጣው። ከወደ ሰሜን፣ ከዌንዜ ሰፈር፣ የኦዴት ቡድን ለግጥሚያ ጋበዛቸው። ኦዴትና ፔፔ ከልጅነታቸው ነው የሚተዋወቁት፤ ከልጅነታቸው ጀምሮም ኦዴት ናት የምታሸንፈው። ደግሞ ማሸነፍ ብቻ አይደለም፣ ስትጫወት ፔፔን አፍጥጣ አፏን ነው የምታያት። ማማ ፔፔ ይቺን እይታ እንዲህ ብላ ነበር የተረጎመቻት፦ ፍንጭት ጥርሴን ቀንታ ነው። ፍንጭቷ እውነትም ያምራል፤ ስትስቅ ሆን ብላ ነው ከፈት የምታደርገው።

የዓምናው ግጥሚያ ግጥሚያ አልነበረም፣ ሙልጭ አድርጎ መግረፍ ነበር። የማማ ፔፔ ልጆች እግራቸውን ገና ሳያወጡ የዌንዜ ልጆች ያውቁት ነበር። ነጥብ የሚጽፈው ሰውዬ ራሱ አዝኖላቸው እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ። ዌንዜዎች እዚያው ዘፈን ፈጠሩ፦ «የማንጎ ዛፍ ፍሬ አለው፣ እግር ግን የለውም።» በሁለቱ ሴቶች መሃል ደግሞ የቆየ ደንብ አለ። ተሸናፊ የተዘፈነባትን ዘፈን በአሸናፊዋ ልጆች ፊት ራሷ ቆማ ትዘፍናለች። ማማ ፔፔ ዘፈነች። ያ ሁሉ ድምፅ የት እንደገባ እንጃ፣ ዓሣ አጥንት የተሰነቀረባት ድመት ነበር የምትመስለው።

ዘፈኑ እዚያው ቢቀር ምናለ። አልቀረም። ከዌንዜ የምትመጣ የተጨሰ ዓሣ ሻጭ ሁሉ ዓሣውን ሚዛን ላይ እየጣለች ታንጎራጉረው ጀመር። ልጆቹ ታክሲ ውስጥ በዩኒፎርማቸው ከታወቁ ወያላው ይዘፍንባቸዋል። ይኼ ነው ፓፓ ባኩላን ያስነሳው።

ፓፓ ባኩላ ልብስ ሰፊ ነው፣ የወላጆች ኮሚቴ ሊቀመንበርም ነው፤ ከሁሉ በላይ ግን ዘናጭ ነው። የባኮንጎ ዘናጭ ማለት ጦሙን ያድራል እንጂ ካልሲውና ክራቫቱ ሳይስማሙ ከቤት አይወጣም። ለስብሰባው የሸንኮራ ቀለም ያለው ሙሉ ልብስ ለብሶ መጣና ቆሞ ተናገረ፤ ቢቀመጥ ሱሪው መስመሩ ይበላሻል። እግር ለፈተና አይቀመጥም አለ። የገዛ ልጄ ቤልቪ መዝለል ላይ አንደኛ፣ ሒሳብ ላይ ከወንበሩ ቀጥሎ ናት አለ። ያቺ ሰዓት ለማጠናከሪያ ትምህርት ትሁን፣ ግቢው ላይ ወንበር ይደርደር፣ ልጆቻችን ደግሞ የገበያ መሳቂያ መሆናቸው ይብቃ አለ። እናቶቹ ድሮ ቢሆን ይነሱበት ነበር፤ አሁን ግን ያቺ ዘፈን ሆዳቸው ውስጥ ነበረችና አንገታቸውን ደፉ። ሙሴ ኢቱዋ እናያለን አለ።

ማማ ፔፔ ተነሳች። ያን ዕለት ያወራችው ቢጻፍ ደብተር አይበቃውም፤ የፓፓ ባኩላን አያት ሳይቀር አንስታለች። መጨረሻ ላይ ግን እንዲህ አለች፦

«አንድ ግጥሚያ ስጡኝ። መልሱን እዚህ፣ እኛ ግቢ። ከተሸነፍን ሰዓቷን ውሰዱ፤ ወንበሩን ራሴ ተሸክሜ እደረድራለሁ።»

ፓፓ ባኩላ የእጅጌውን ቁልፍ አስተካከለና እሺ አለ። ወንበሮቹን እንዲያውም ከዚያው ቀን ጀምሮ መጠገን አስጀመረ። ሰው እንዲህ ሲያምንብሽ ደስ ይላል።

እንግዲህ ልምምዱ ጠነከረ። ዝላይ፣ ጭብጨባ፣ እንደገና ዝላይ። ማማ ፔፔ አንዷን ስትሰድብ ሌላዋን ታመሰግናለች፤ ይኼ እግር ነው የካሳቫ ግንድ? ትላለች፣ ዞር ትልና ጎሽ የኔ ሚዳቋ ትላለች። ልጆቹ ግን እርስ በርስ ሲጫወቱ ያው ነው፤ ሁሉም የሁሉንም እግር ያውቃል። መቼም አብረው ስለዋሉ ነው ብላ አለፈችው።

አንድ ቀን ክብሪት ልትገዛ ወጣ ብላ ስትመለስ ግቢው በሳቅ ሊፈርስ ደርሷል። ማንጎው ጀርባ ቆማ አጮለቀች። ቤልቪ፣ የፓፓ ባኩላ ልጅ፣ የአንዷን ሹራብ እንደ ሽርጥ አገልድማ፣ ቂጧን ወደ ኋላ ገፍታ፣ ማማ ፔፔን ሆና ትንጎማለላለች። ይቺ ልጅ ሒሳቡ አይሆንላትም እንጂ ሰው መቅዳት ላይ ጉድ ናት፤ አባቷን እንኳን ስታስመስል ጫማ እንዳይነካት ኩሬ የምትሻገር ዶሮ ታደርገዋለች። ማማ ፔፔ በሆዷ እየሳቀች አየች። አረማመዷ ልክ ነው። ስድቡም ልክ ነው። ከዚያ ቤልቪ ዘለለች፣ አጨበጨበች፣ ግራ እግሯን ልትወረውር ስትል የታችኛውን ከንፈሯን በግራ በኩል ንክስ አደረገች። ልጆቹ በሳቅ ተንከባለሉ።

ማማ ፔፔ ሳቋን አቆመች። ከዛፉ ጀርባ ወጣች።

«አንቺ፣ ይኼን ከንፈር ከየት አመጣሽው?»

ቤልቪ ሹራቡን ከወገቧ ፈትታ ጀርባዋ ደበቀችው። «ካንቺ ነው፣ ማማ ፔፔ።»

«እኔ ከንፈር አልነክስም።»

«ትነክሻለሽ እኮ። ግራሽን ስታወጪ በግራ፣ ቀኝሽን ስታወጪ በቀኝ።» ከዚያ ቀስ ብላ ጨመረች፤ «ሁላችንም እንነክሳለን።»

ማማ ፔፔ አላመነችም። አሰለፈቻቸው። አንድ በአንድ ዝለሉ አለች። አንዷ ዘለለች፣ ነከሰች። ሁለተኛዋ ዘለለች፣ ነከሰች። ጥርሷን ሞተሩ የወሰደባት እንኳን ባላት ድድ ነከሰች። ግቢው ሙሉ ትንንሽ ማማ ፔፔዎች ቆመው ከንፈራቸውን እያኘኩ ያዩዋታል። ያኔ ኦዴት ትዝ አለቻት። ያ ሁሉ ዘመን አፏን አፍጥጣ ስታይ ፍንጭቱን አልነበረም። እግሯን ነበር፣ አፏ ላይ ስታነብ።

ማንጎው ሥር ቁጭ አለች። «ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ምን ተምራ መጣች ይባላል?» ብላ ጠየቀቻቸው። ልጆቹ መልሱን ያውቁታል፤ አስቀያሚ ስለሆነ ግን አፋቸውን ይዘው ተሳሳቁ። «እንግዲህ አህያዋ እኔ ነኝ» አለች።

ማስተዋል አንድ ነገር ነው፣ ማስተው ሌላ። አፋቸውን ውሃ ሞልተው እንዲዘሉ አደረገች፤ በመጨረሻው ጭብጨባ ላይ አንዷ ሌላዋ ፊት ላይ እየተፋች ዩኒፎርሙ ሁሉ በሰበሰ። ማስቲካ አስያዘቻቸው፤ አንዷ ዋጠችው። ከንፈራቸው ላይ በርበሬ ቀባች፤ እናቶች መጡባት። ጭራሽ ራሷም ስትሞክር አልሆነላትም፤ ከንፈሯን ስትይዘው ቅንድቧ በዚያው በኩል ይነሳል። ገላ የለመደውን ከየት ወዴት ያወጣዋል? ግጥሚያው ደግሞ እየቀረበ ነው፤ ፓፓ ባኩላ የተጠገኑትን ወንበሮች በየቀኑ እየመጣ ይነቀንቃቸዋል።

መፍትሄው የተገኘው ገበያ ነው። ዓሣ ልትገዛ ሄዳ አንድ ያማረ ዓሣ አየች። ከዚያ እንደ ወትሮዋ ያንን ትታ አጠገቡ ያለውን፣ የማትፈልገውን ደረቅ አንስታ አገላበጠች፣ አሸተተች፣ በስንት ነው አለች፣ ተጣላች፤ ሻጯ አንጀቷ እስኪቃጠል ድረስ። በመጨረሻም እንደ መሰላቸት ብላ ያማረውን አነሳችና «በቃ ይሄኛውን ጨርሽልኝ» አለች። ይሄ የሷ ብልጠት አይደለም፤ ባኮንጎ ውስጥ የሚፈልገውን ዓሣ እያየ ዋጋ የሚጠይቅ ሰው ተወልዶ አያውቅም። ዓሣውን ቅርጫቷ ከታ ሦስት እርምጃ እንደሄደች ቀጥ አለች።

ከሰዓት በኋላ ልጆቹን ሰብስባ ነገረቻቸው። «ከንፈራችሁን ተዉት ያልኩትን ተዉት። ንከሱ፤ ግን ዋሹበት። በግራ ነክሳችሁ ቀኛችሁን አውጡ። የማትፈልጉትን ዓሣ አሽትቱ።»

ውሸት ደግሞ ከእውነት የበለጠ ልምምድ ይፈልጋል። መጀመሪያ ላይ እግርና ከንፈር እየተጣሉባቸው በቂጣቸው ዘጭ ዘጭ አሉ። ሰንበትበት ሲል ግን ገባቸው፣ ከገባቸው በኋላ ደግሞ የሚያቆማቸው ጠፋ። ቤት ውስጥ ሳይቀር በግራ ከንፈራቸውን እየነከሱ በቀኝ እጃቸው ወጥ ውስጥ ያለውን ሥጋ ላፍ ማድረግ ጀመሩ እየተባለ ተወራ። ይኼ እንኳን የሰፈር ሐሜት ሳይሆን አይቀርም።

የግጥሚያው ቀን ግቢው ሞልቶ ሰው አጥር ላይ ወጣ። ኦዴት መጣች። ትልቅ ሴት ናት፣ ሽርጧ ላይ የተሳሉት ወፎች በሷ ላይ ሲሆኑ ዝሆን ያህላሉ። ልጆቿ ቢጫ ቁምጣ ለብሰው ከኋላዋ ተሰልፈዋል። ሁለቱ ሴቶች ጉንጭ ለጉንጭ ተሳሳሙ፤ እነሱ ሲሳሳሙ ዶሮዎች ሊፋለሙ ሲሉ ነው የሚመስሉት።

«ፔፔዬ፣ ድምፅሽን አሟሽተሻል?» አለች ኦዴት። «መቼም ዘፈኑን አልረሳሽውም።»

«ረሳሁት እኮ፣ የኔ እናት። ዛሬ አንቺ ታስታውሺኛለሽ።»

ፓፓ ባኩላ የመጀመሪያው መደዳ ላይ መሃረቡን አንጥፎ፣ መሃረቡም ላይ ሳይቀመጥ ቆመ። ነጭ ጫማ አድርጓል። ወንበሮቹ ከኋላው በግድግዳው ሥር ተደርድረው የጨዋታውን ማለቅ ይጠብቃሉ።

ከሌላ ሰፈር የመጣው ዳኛ ፊሽካውን ነፋ። በመጀመሪያው አጋማሽ እግር ከገጠመ ነጥቡ የባኮንጎ ነው። የዌንዜ ልጆች እየዘለሉ ዓይናቸውን ባኮንጎዎቹ አፍ ላይ ተከሉ፤ እንደ ዓምናው፣ እንደ ተማሩት። የባኮንጎዋ ልጅ በግራ ነከሰች። ዌንዜዋ ለመጣረስ ግራዋን ላከች። የመጣው ግን ቀኝ ነው። ገጠመ። ሁለተኛዋም ገጠመ። ሦስተኛዋም። አጥሩ ላይ ያለው ሰው ጮኸ፣ እናቶቹ አንገታቸውን ቀና አደረጉ፣ ዓይን አፋሯ ዘፈን አውጪ ድምፅዋ እስኪሰነጠቅ ለቀቀችው። ኦዴት መጀመሪያ ልጆቿን ተቆጣች፣ ቀጥላ ዳኛውን፣ ከዚያ ፀሐዩን። እረፍት ሲደርስ ባኮንጎ ርቆ ሄዷል።

ግን ኦዴት ሞኝ አይደለችም። እረፍት ላይ ማማ ፔፔን ከሩቅ ትክ ብላ አይታ ከት ብላ ሳቀች። ልጆቿን ሰበሰበችና እጇን አንዴ በመዳፏ፣ አንዴ በጀርባዋ እያገለባበጠች አሳየቻቸው። ነገሩ ገባት ማለት ነው። ማማ ፔፔ ልጆቿን ልትመክር ዞር ስትል ቤልቪ ደግሞ ልጆቹን ሰብስባ ኦዴትን ሆናላቸዋለች። ደረቷን ነፍታ፣ አገጯን ሰቅላ፣ የሌለ ሽርጥ ዳሌዋ ላይ እያጠበቀች።

«አሁን ነው የምትቀልጂው?» ብላ ጆሮዋን ሳበቻት።

ሁለተኛው አጋማሽ ሲጀመር ነጥቡ ተቀየረ፤ አሁን የተጣረሰው ነው የባኮንጎ። የዌንዜ ልጆች ከንፈሩን አይተው በግልባጩ ያነቡት ጀመር። ባኮንጎዎቹ ቢዋሹ ተያዙ። ማማ ፔፔ እውነቱን ንከሱ ብላ ጮኸች፤ ግማሾቹ ሰሙ፣ ግማሾቹ አልሰሙም፣ አንዷ ግራ ገብቷት መሃሉን ነክሳ ሁለቱንም እግሯን ወረወረችና በጀርባዋ ተዘረረች። ያ ሁሉ ነጥብ በዓይናቸው ፊት ቀለጠ። ዌንዜዎች ያቺን ዘፈን አነሱ። የማንጎ ዛፍ ፍሬ አለው። ፓፓ ባኩላ ሰዓቱን አየ፣ ቀጥሎ ወንበሮቹን አየ። ማማ ፔፔም አየቻቸው፤ የዚያች ዴስክ ሥር የምትገባ ልጅ አንገት እዚያ ወንበር ላይ ተመልሶ ሲቀበር፣ አጥሩ ላይ ልጆች ዳግም ሲደረደሩ፣ ራሷም ቤቷ ገብታ ሬዲዮ ስትከፍት ታያት።

ነጥቡ እኩል ሆነ። ዳኛው የመጨረሻ ጥንድ ይውጣ አለ። ከባኮንጎ ተራው የቤልቪ ነው።

ቤልቪ ከመውጣቷ በፊት ወደ ማማ ፔፔ መጣች። ጆሮዋ አሁንም ቀልቷል።

«ማማ ፔፔ፣ የዌንዜ ልጆች ሽርጥ የላቸውም።»

«ቁምጣ ነዋ የለበሱት። ምን ትዘላብጃለሽ?»

«ታዲያ ምኑን ነው የሚያጠብቁት?»

ማማ ፔፔ ቀና አለች። ኦዴት መስመሩ ዳር ቆማ ልጆቿን እግር በእግር ትከተላለች፤ በያንዳንዱ ጭብጨባ እሷም አብራ ሰበር ትላለች፣ በመጨረሻው ላይ እጇ ወደ ሽርጧ ቋጠሮ ሄዶ ጠበቅ ያደርገዋል። እንደዚያ ያለ ትልቅ ገላ ሲዘል ሽርጥ ይፈታላ። የሚቆመው እግር ባለበት በኩል ነው የምትይዘው፤ የሚወረወረው ሌላው ነው። ልጆቿ ደግሞ፣ ቢጫ ቁምጣ በላስቲክ ያጠለቁት እነዚያ ልጆች ሁሉ፣ አንድም ሳይቀሩ እግራቸውን ከመወርወራቸው በፊት ዳሌያቸውን መታ ያደርጋሉ። የሌለ ሽርጥ ያጠብቃሉ። ዌንዜም አህያ አለ ለካ።

ማማ ፔፔ የምትለው ነገር አንድ ቁና ነበር። ሁሉንም ዋጠችውና በሕይወቷ አጭሩን ንግግር አደረገች።

«ሂጂ» አለች።

ቤልቪ ወጣች። ፊት ለፊቷ የመጣችው ረጅም ልጅ ዓይኗን ቤልቪ ከንፈር ላይ ተከለች። ከንፈር ግን አልነበረም። ቤልቪ አፏን በሰፊው ከፍታ ትዘፍናለች፤ የተከፈተ አፍ ደግሞ ምን ይነክሳል? በዚያ ላይ አገጯን ሰቅላ፣ ደረቷን ነፍታ ቁጭ ኦዴትን ሆናለች። ረጅሟ ልጅ የገዛ ማማዋን ፊት ለፊቷ ስትዘል ስታይ ከንፈሯ በሳቅ ተንቀጠቀጠ። ጭብጨባ። ጭብጨባ። የረጅሟ ልጅ እጅ ሄዶ ቀኝ ዳሌዋን መታ አደረገ። ቀኙ ሊቆም ነው፤ ግራው ሊመጣ ነው። ቤልቪ ግራዋን ወረወረች።

ግራ ከግራ። ተጣረሰ።

ዳኛው እጁን ወደ ባኮንጎ ሲዘረጋ ያየው የለም፤ ግቢው ቀድሞት ፈንድቷል። እናቶቹ መስመሩን ጥሰው ገቡ፣ አጥሩ ላይ የነበረው ሰው እንደ ማንጎ ረገፈ። ሙሴ ኢቱዋ ሁለት እጁን ወደ ላይ አንስቶ ቀረ፤ ያውርዳቸው አያውርዳቸው አልወሰነም። ፓፓ ባኩላ ግን፣ ያ ኩሬ በሩቁ የሚሸሽ ሰው፣ ነጭ ጫማውን አቧራው ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚቱ እየማገደ ሮጠ። ልጁን ትከሻው ላይ ሰቀላት። ላቧ በሐር ክራቫቱ ላይ ሲወርድ እሱ የሚያውቀው ነገር የለም፤ «የኔ ልጅ ናት፣ የኔ ናት» እያለ ለሚያውቁት ሁሉ ያስተዋውቃታል። እነዚያ ወንበሮች ላይ ዘፋኞቹ ልጆች ወጥተው ይጨፍሩ ነበር፤ እውነትም በደንብ ነው የተጠገኑት፣ አንዱም አልተሰበረም።

ደንብ ደንብ ነው። ኦዴት መሃል ላይ ቆመች። የባኮንጎ ልጆች ዘፈናቸውን እዚያው ፈጥረው አስጠኗት። ጉሮሮዋን ጠራርጋ፣ ወፎቿን አስተካክላ ጀመረች፦

«ሽርጥሽን አጥብቂው፣ የዌንዜ ልጅ፣
ሽርጥሽ የታለ? ሽርጥሽ የታለ?»

መጀመሪያ ምን ማለት እንደሆነ አልገባትም። ሁለተኛውን ዙር ስትደግም እጇ በራሱ ሄዶ ቋጠሮዋን ያዘ። እጇን አየችው። ዞራ ልጆቿን አየቻቸው፤ አብረዋት እየዘፈኑ ሁሉም እጃቸው ዳሌያቸው ላይ ነው። ኦዴት ዘፈኑን አቆመችና እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ማማ ፔፔም ሄዳ ተደገፈቻት፤ ሁለቱ ተደጋግፈው ባይሳሳቁ ሁለቱም ይወድቁ ነበር።

«ይኼን ሁሉ ዓመት ፍንጭቴን የምታይ መስሎኝ» አለች ማማ ፔፔ።

«ፍንጭትሽንም አይቻለሁ» አለች ኦዴት ዓይኗን በሽርጧ ጫፍ እየጠረገች፤ «ሚካቴ ሳይቆረስ ያልፍበታል።»

ማጠናከሪያ ትምህርቱ ወደ ጠዋት ዞረ፤ ሰዓቷን አሁን የሚጠይቅ የለም። የቤልቪ ሒሳብ ያው ነው ይላሉ ሐሜተኞች፤ አባቷ ግን እሱን የሚያነሳበት ሰው ካለ የመቁረጫ መቀሱን ያነሳል። ሰኞ ከሰዓት፣ ደወሉ እንደተደወለ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ አጥልቆ ማንጎው ሥር መጣ። ለቡድኑ ቁምጣ እሰፋለሁ፣ ገበር ያለው፣ ሁለት ኪስ ያለው፣ ባኮንጎን የሚመጥን ብሎ። ልጆቹ ላስቲክ ያለው ይበቃናል ቢሉት ተቆጣ። ማማ ፔፔ አፏጨች። አጥሩ ላይ ተቀምጠው ሲያሾፉ የነበሩ ወንዶች ልጆች ሳይቀሩ ወርደው መስመሩ ጫፍ ላይ ተለጠፉ። ፓፓ ባኩላ በነጭ ጫማው አቧራ ላይ ተንበርክኮ የያንዳንዷን ወገብ ሊለካ ከወዲያ ወዲህ ይላል፤ አንዴ ቁሙ ይላቸዋል፣ ማን ይቁምለት። ማማ ፔፔ አንድ እግሯን አንስታ፣ ከንፈሯን በግራ ንክስ አድርጋ ቀኟን ወረወረች፤ መስመሩ ሁሉ ተከተላት።